አብሮ አደግ አውቶቡሶች

አዲስ አበባ ውስጥ የአውቶቡስ ልደት የሚከበረው በአደባባይ ነው። አዲሶቹ አውቶቡሶች ታጥበው፣ የወንበራቸው ላስቲክ ሳይገፈፍ፣ አፍንጫቸውን አስተካክለው ይሰለፋሉ። ሪባን ይዘረጋል፤ መቀስ በትሪ ይቀርባል፤ ክቡርነታቸው ይቆርጣሉ፤ ካሜራው ሰልፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይቃኛል። የሚነገረውም ቁጥር ሁልጊዜ ድፍን ነው፤ መቶ፣ ሁለት መቶ፣ አምስት መቶ። ሠላሳ ሰባት አውቶቡስ ገዝቶ ሪባን የሚያስቆርጥ መሥሪያ ቤት እስካሁን አልተፈጠረም። የአውቶቡስ ሞት ግን እንዲህ ያለ ክብር የለውም። አንዱ ጋራዥ ገብቶ መለዋወጫ ይጠብቃል፤ ሁለተኛው መጥቶ ከጎኑ ይቆማል፤ ከሁለተኛው ፖምፓው ተፈቶ ለሦስተኛው ይገጠማል፤ ከአንደኛው ጎማው ወልቆ ለአራተኛው ይሄዳል፤ በመጨረሻ ሁለቱም ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በሥራቸው ሣር ይበቅላል። ሪባን የለም፣ ንግግር የለም። ብቸኛው ሐዘንተኛ ፌርማታ ላይ የቆመው ተሳፋሪ ነው፤ ለእሱም መርዶ የሚያረዳው የለም። ትናንት የመብራት ምሰሶው ጋ ያበቃ የነበረው ሰልፍ ዛሬ ጥጉን ዞሮ ሱቁ ደጃፍ መድረሱን አይቶ ራሱ ይገምታል እንጂ።

ስለዚህ ያረጁ አውቶቡሶችን በአዲስ ለመተካት ዕቅድ ወጣ የሚል ዜና በተሰማ ቁጥር ከተማው ሁሉ በአንድ አፍ «ስንት?» ብሎ ይጠይቃል። አይፈረድበትም፤ ማለዳ ሰልፍ ላይ ቆሞ ሁለት አውቶቡስ ሞልቶ ያለፈበት ሰው ከቁጥር ሌላ ምን ይጠይቃል? እኔ ግን «ስንት?» ከሚለው ይልቅ «በየስንት ጊዜው?» የሚለው ይበልጥ ሊያሳስበን ይገባል ባይ ነኝ። ክርክሬ አጭር ነው። አውቶቡስ በጅምላ የሚገዛ ከተማ አውቶቡሶቹን በጅምላ ያስረጃል፤ በጅምላ ያስረጀ ደግሞ እንደገና በጅምላ ለመግዛት ይገደዳል፤ በሁለቱ ግዢዎች መካከል ላለው ዘመን የሚከፍለው ሰልፈኛው ነው። በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት መግዛት ካሜራ አይስብም፤ ከተማን ግን ያንቀሳቅሳል።

የራሳችንን ታሪክ ወደ ኋላ ብናይ ማስረጃ አናጣም። አንበሳ የከተማ አውቶቡስ በ1930ዎቹ አጋማሽ፣ ጣሊያን ከወጣ ብዙም ሳይቆይ ሥራ የጀመረ አንጋፋ ነው። ንጉሡን ሸኝቷል፣ ደርግን ሸኝቷል፣ ኢሕአዴግንም ሸኝቷል፤ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ የሚሄደውን ተሳፋሪ መሸኘት ብቻ ነው ያልቻለው። አውቶቡሶቹ ግን የድርጅቱን ዕድሜ አልታደሉም። ቀይና ቢጫ ለብሰው ከተማዋን ለዓመታት የተሸከሙት የዳፍ አውቶቡሶች ሲደክሙ፣ በ2000ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት 500 አውቶቡሶች ቢሾፍቱ ላይ በብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን እንዲገጣጠሙ ታዘዘ። ከጥቂት ዓመት በኋላ፣ በ2006 ዓ.ም.፣ የመንግሥት ሠራተኛውን ጠዋት ወደ ቢሮ ማታ ወደ ቤት የሚያመላልሰው የፐብሊክ ሰርቪስ ትራንስፖርት ሲቋቋም ከዚያው ከቢሾፍቱ ከ400 በላይ አውቶቡሶች በአንድ ጊዜ ተረከበ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ሸገር የሚባለው የአውቶቡስ ድርጅት መጣ። በቅርብ ዓመታት አንበሳና ሸገር በአንድ ጣሪያ ሥር ተጠቃለሉ። በየመሀሉ የምናየው ሥዕል አንድ ዓይነት ነው፤ ጎርፍ፣ ቀጥሎ ድርቅ፣ ቀጥሎ ጎርፍ። ቢሾፍቶቹ ገና በልጅነታቸው ጋራዥ ማዘውተር ጀመሩ፤ የመለዋወጫ እጥረታቸው የምክር ቤት ሪፖርትና የጋዜጣ ቋሚ ርዕስ ሆነ። ጥፋቱ ሁሉ የገጣጣሚው ነበር ብሎ መደምደም ደስ ይላል፤ ተጠያቂው አንድ ሲሆን ቀሪው ሕዝብ በሰላም ይተኛል። ነገር ግን አምስት መቶ የተዋጣላቸው አውቶቡሶች ቢሆኑም ኖሮ አብረው ከተወለዱ አብረው ማርጀታቸው አይቀርም ነበር።

ከብት አርቢ ይህን ነገር ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። አሥር ላም ያለው ሰው አሥሩም በአንድ ወር እንዲወልዱ አይመኝም። ቢወልዱለት ለጥቂት ወራት ጎረቤቱን በእርጎ ያንበሸብሻል፤ ቅቤው ቅል አይበቃውም፤ «እገሌ ተርፎታል» ይባልለታል። ከዚያ አሥሩም በአንድ ላይ ይነጥፋሉ፤ ልጆቹም ወተትን በወሬ ያስታውሳሉ። ስለዚህ የብልህ አርቢ በረት ውስጥ ጥጃም፣ ጊደርም፣ የምትታለብም፣ የምታረጅም ጎን ለጎን ታድራለች፤ አንዷ ስትነጥፍ ሌላዋ ትወልዳለች፤ ወተቱ ጎርፍ ባይሆንም አይቋረጥም። የአውቶቡስ ጋራዥም በረት ነው። እኛ ግን በረቱን በአንድ ቀን በጥጃ ሞልተን፣ አስመርቀን፣ ጥጆቹ ሁሉ በአንድ ቀን አሮጊት እስኪሆኑ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። ሲያረጁም እንደ አዲስ ነገር እንደነግጣለን።

አብረው የተወለዱ አውቶቡሶች ጣጣ የሚጀምረው ከጋራዡ በር ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሁሉም ጤነኛ ናቸው። መካኒኩ ዘይት ከመቀየርና ግሪስ ከማድረግ ያለፈ ሥራ የለውም፤ የቀረውን ሰዓት በቡና ይገፋዋል። ይህን ያየ የበጀት ኃላፊ «ለጥገና ይህን ያህል ገንዘብ ለምን ተያዘ?» ብሎ ይቀንሳል፤ ብልህ መካኒክም የተሻለ ወደሚከፍል የግል ጋራዥ ይሄዳል። ቁጠባ ተደረገ ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል። ከዚያ አራተኛው አምስተኛው ዓመት ይመጣል። የፍሬን ሸራው በአንድ ወቅት ያልቃል፤ ፍሪሲዮኑ በአንድ ወቅት ይንሸራተታል፤ የአምስት መቶ አውቶቡስ ጎማ በአንድ ወቅት ይላጣል፤ ሞተር ለማውረድ ተራ የሚይዘው አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ካለው ሰልፈኛ ይበዛል። ያን ጊዜ በጀቱ የለም፣ መካኒኩም የለም፣ መለዋወጫው ደግሞ ለጨረታ ሰነድ እየተዘጋጀለት ነው። ሌላ ዘዴ ሲጠፋ ከአንዱ ፈቶ ለአንዱ መግጠም ይጀመራል። አንዱን ለማዳን ሌላውን መበለት በዕለቱ ብልሃት ይመስላል፤ እየዋለ እያደረ ግን የቆመው ከሚሄደው ይበልጣል። የሚገርመው፣ በዚህ ሁሉ ውስጥ ያጠፋ ሰው የለም። ሁሉም የየዕለቱን ትክክለኛ ነገር አድርጓል፤ የተሳሳተው የልደት ቀኑ ነው።

በወረቀት ላይ እናስላው። የአሜሪካ ፌዴራል ትራንዚት አስተዳደር በሚሰጠው ድጋፍ የሚገዛ ትልቅ የከተማ አውቶቡስ ቢያንስ 12 ዓመት ወይም 500,000 ማይል፣ ወደ እኛ ሲመለስ 800,000 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ እንዲያገለግል ይጠብቃል። ይህ የጡረታ ዕድሜ የተቆረጠው ለአሜሪካ አስፋልት መሆኑን አንርሳ፤ የሽሮ ሜዳን ዳገት ሦስት እጥፍ ሰው ጭኖ የሚወጣ አውቶቡስ ማመልከቻውን ቀደም አድርጎ ቢያስገባ አይፈረድበትም። ቢሆንም 12 ዓመትን እንያዝ። 600 አውቶቡስ የሚያስፈልገው ከተማ በየዓመቱ 50 እየገዛ 50 ቢያሰናብት፣ ከ12 ዓመት በኋላ የአውቶቡሶቹ አማካይ ዕድሜ ስድስት ዓመት ገደማ ላይ ይቆማል፤ እዚያው ይኖራል። የጋራዡ ሥራ ዘንድሮም ከርሞም ያው ነው፤ የመለዋወጫው በጀት ያው ነው፤ መካኒኩ ሳይሰለችም ሳይታክትም ይሠራል። ያው 600 አውቶቡስ በአንድ ቀን ቢገዛ ግን ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ከተማው አዲስ፣ በመሀል ጎልማሳ፣ በመጨረሻ ድፍኑን ሽማግሌ ይሆናል። በሁለቱም መንገድ የተገዛው አውቶቡስ ብዛት እኩል ነው። ሰልፉ ግን እኩል አይደለም።

ለንደን ለዚህ ጥሩ ምስክር ናት። ያ ከኋላው ክፍት የሆነው፣ ፖስት ካርድ ላይ የምናውቀው ባለ ፎቅ ቀይ አውቶቡስ ሩትማስተር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1950ዎቹ አጋማሽ እስከ 1968 ድረስ ወደ 2,900 ተሠርቷል። በአንድ ሌሊት አልጎረፈም፤ ከአሥር ዓመት በላይ እያካፋ ገባ። ለጥገና ወደ አልደንሃም የሚባለው ትልቅ ጋራዥ ሲሄድም በተራ ነበር፤ እዚያ አካሉ ከታችኛው ተሸካሚ ክፍሉ ተለያይቶ፣ ሁለቱም ለየብቻ ታድሰው፣ ብዙ ጊዜም ከሌላ አውቶቡስ አካል ጋር ተጋብቶ፣ የሌላ ወንድሙን ታርጋ ለጥፎ ይወጣ ነበር። እኛ አገር ይህ በወንጀል ያስጠይቃል፤ እነሱ ዘንድ አሠራር ነበር። ጋራዡ እንዲህ ሊደራጅ የቻለው በየሳምንቱ የሚመጣለት አውቶቡስ ብዛት የታወቀ ስለነበረ ነው። በ1970ዎቹ ደግሞ ያለ ትኬት ቆራጭ የሚሠራ፣ ዘመናዊ የተባለ ሌላ ዓይነት አውቶቡስ ከ2,600 በላይ ተገዛ። ይህኛው አልደንሃም ለለመደው አሠራር አልመች አለ፤ ብልሽቱ በዛ፤ የመጀመሪያዎቹ በ1979 መሰናበት ጀመሩ። ሩትማስተሮቹ የተተኩበትን ምትክ ቀበሩት፤ የመጨረሻው መደበኛ መስመራቸው የተዘጋው በ2005 መጨረሻ ነው። እዚህ ላይ ተቃዋሚዬ «ያ የማይረባውም እኮ በአንድ ቀን አልተገዛም፤ በተከታታይ ዓመታት ነው የገባው» ሊለኝ ይችላል። ልክ ነው። ቀስ ብሎ መግዛት መጥፎን አውቶቡስ ጥሩ አያደርገውም። ነገር ግን ለንደን አሮጌዎቹን በአንድ ቀን አባርራ ቢሆን ኖሮ አዲሶቹ ሲወድቁ የምትደገፍበት አይኖራትም ነበር።

ኒውዮርክ ትምህርቱን በችኮላ ተማረች። በ1980 ግድም ግሩማን ከሚባል፣ ስሙን ይበልጥ በአውሮፕላን ከሚያውቁት ኩባንያ ብዙ መቶ አዳዲስ አውቶቡሶች ተረከበች። ጨረቃ ላይ ያረፈችውን መንኮራኩር የሠራ ኩባንያ አውቶቡስ ቢሠራ ምን ይገርማል? የጨረቃ መንገድ ግን ጉድጓዱ የታወቀ ነው፤ የኒውዮርክ መንገድ ይብሳል። የአውቶቡሶቹ ብረት መሰንጠቅ ጀመረ። በ1980 ታኅሣሥ፣ በእነሱ አቆጣጠር፣ ከተማዋ ከ600 በላይ አውቶቡሶችን በአንድ ጊዜ ከመንገድ አወጣች፤ ተጠግነው ተመልሰውም አልሆነም፤ በ1984 ጠቅልላ ተሰናበተቻቸው። ከተማዋ ያልቆመችው በጋራዧ ውስጥ የተለያየ ዕድሜ ያላቸው ሌሎች ብዙ ሺህ አውቶቡሶች ስለነበሩ ነው። ጉድለቱ አንድ ትውልድን መታ እንጂ ዘሩን ሁሉ አላጠፋም። ግማሹን ሠራዊቱን በአንድ ፊርማ የሚገዛ ከተማ እንዲህ ያለ ስንጥቅ ቢገጥመው በማግስቱ ጠዋት ግማሹ ሕዝብ በእግሩ ነው።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ። የመጀመሪያው የነጋዴ ነው፤ በጅምላ ሲገዛ ይረክሳል፣ ዓይነቱም አንድ ስለሚሆን ለመለዋወጫና ለመካኒክ ይመቻል። ሁለቱም እውነት ነው፤ ሁለቱም ግን ርክክቡ በአንድ ቀን ይሁን አይሉም። በአንድ ውል ብዙ አዝዞ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት መረከብ ይቻላል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚኖረው እንዲህ ነው። በ2005 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አሥር ድሪምላይነር አዘዘ፤ የመጀመሪያውን የተረከበው በ2012 ነሐሴ ነው፤ ከዚያ ወዲህም እያዘዘ፣ እየተረከበ፣ አሮጌውን እያሰናበተ ይኸው አለ። አውሮፕላኖቹ ሁሉ በአንድ ጠዋት አርጅተው ሲገኙ አላየንም። ጥገናውንም የሚያደርገው በራሱ ሃንጋር፣ ራሱ ባሠለጠናቸው ባለሙያዎች ነው። ጥበቡ አገር ውስጥ የለም እንዳንል ቦሌ ላይ አለ፤ ከቦሌ እስከ አውቶቡስ ጋራዡ ያለው ርቀት ደግሞ በአውቶቡስ የሚሄዱበት ነው፣ ከተገኘ። የግዢ ሕጋችንም ቢሆን የማዕቀፍ ስምምነት የሚባል ነገር ያውቃል፤ መሥሪያ ቤቶች ወረቀትና እስክሪብቶ የሚገዙት በዚያ ነው። ዋጋው አንዴ ይቆረጣል፣ ዕቃው በሚፈለግበት ጊዜ ይመጣል። ለእስክሪብቶ ያላነሰ ብልሃት ለአውቶቡስ ሊያንስ አይገባም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል፤ የውጭ ምንዛሪ። ዶላር ሲገኝ ካልገዛህ መቼ ትገዛለህ? በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ከዚያ በፊት ሁሉንም አውቶቡስ የገዛ አተረፈ፤ «ጥቂት ጥቂት» ያለው ተቃጠለ። ይህን አልክድም፤ በእንዲህ ያለ ዓመት የኔ ምክር ያስከፍላል። ነገር ግን ሒሳቡ እዚያ አያቆምም። አውቶቡሱ በርካሽ ዶላር ቢገዛም መለዋወጫው የሚመጣው በውድ ዶላር ነው፤ ለዚያውም በአምስተኛው ዓመት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲፈልጉት። ያለንን ምንዛሪ ጨርሰን ለአውቶቡስ አውጥተን ለፍሬን ሸራ ስናጣ፣ በርካሽ የተገዛው አውቶቡስ በውድ ይቆማል። የቆመ አውቶቡስ ደግሞ በስንት ብር እንደተገዛ ለተሳፋሪው ምንም አይነግረውም። ከዚህም በላይ በየዓመቱ አንድ ዓይነት መጠን ያለው፣ አስቀድሞ የታወቀ የምንዛሪ ጥያቄ ለባንክም ለበጀትም ቀላል ነው፤ በየአሥር ዓመቱ እንደ ድንገተኛ እንግዳ በሌሊት በር የሚመታ ጥያቄ ግን የሚስተናገደው ከሌላ ነጥቆ ነው።

ሦስተኛውን ተቃውሞ የሚያነሳው ሰልፈኛው ራሱ ነው፤ ስለዚህ ቆብ አውልቆ መስማት ይገባል። «እኔ ዛሬ ቆሜያለሁ፤ የአንተ አምሳ አምሳ እያለ እስኪሞላ ልጄ ጡረታ ይወጣል» ይላል። እውነቱን ነው። ለዓመታት የተጠራቀመን ጉድለት በጠብታ መሙላት አይቻልም። እንዲህ ያለው ከተማ አንድ ጊዜ ብዙ መግዛት ግድ ሊሆንበት ይችላል። ግድ ከሆነም ግን የልደት ቀናቸው አንድ የሆኑትን የጡረታ ቀናቸውን መለያየት ይቻላል። ገሚሱን በስድስተኛው ዓመት ሞተሩንና አካሉን አድሶ ዕድሜውን ማራዘም፣ ገሚሱን ሳያረጅ በስምንተኛው ዓመት ወደ ቀለለ መስመር ወይም ወደ ሌላ ከተማ ማዛወር፣ ከሦስተኛውና ከአራተኛው ዓመት ጀምሮም ጥቂት ጥቂት አዲስ ማስገባት። አብረው የተወለዱት ቀስ በቀስ ታላቅና ታናሽ ይሆናሉ። ይህ ግን የሚሠራው አውቶቡሶቹ አዲስ ሳሉ ከታሰበ ብቻ ነው። በምረቃው ማግስት፣ ሁሉም ነገር ሲያብለጨልጭ፣ «የሚቀጥለውን ግዢ ዘንድሮ እንጀምር» የሚል ሰው ሟርተኛ ይባላል። ያንን ሟርተኛ የሚሰማ ከተማ ግን ከአሥር ዓመት በኋላ አይደነግጥም።

ነገሩ ዛሬ ይበልጥ የሚያስቸኩለው ጊዜው የለውጥ ጊዜ ስለሆነ ነው። በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ ተከልክሏል፤ የኤሌክትሪክ አውቶቡሶችም አዲስ አበባ መንገድ ላይ ወጥተዋል። ድምፅ የላቸውም፤ ጭስ የላቸውም፤ ናፍጣ የሚገዛ ዶላር አይጠይቁም። ታዲያ ሁሉንም አሮጌ አሽቀንጥረን በአንድ ቀን ኤሌክትሪክ ብንሆንስ? እዚህ ላይ ባትሪውን ማስታወስ ይጠቅማል። የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ውድ አካሉ ባትሪው ነው፤ ባትሪ ደግሞ በዕድሜው ልክ አቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል። በአንድ ቀን የተገዙ የአምስት መቶ አውቶቡሶች ባትሪ በአንድ ወቅት ይደክማል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ የሚመጣው ደረሰኝ የፍሬን ሸራ ደረሰኝ አይደለም። በሌላ በኩል የባትሪ ዋጋ በረጅሙ ሲታይ እየወረደ፣ አሠራሩም እየተሻሻለ ነው። በየዓመቱ ጥቂት የሚገዛ ከተማ ከርሞ የሚወጣውን የተሻለ ባትሪ ያገኛል፤ የዘንድሮውን ሁሉ ዘንድሮ የገዛ ግን የዘንድሮውን ቴክኖሎጂ ለአሥራ ሁለት ዓመት አግብቷል፤ ፍቺውም ውድ ነው። መካኒኩም ከናፍጣ ሞተር ወደ ኤሌክትሪክ የሚሻገርበት፣ ኃይል መሙያውም የሚተከልበት ጊዜ ይፈልጋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እያልን ልጆቻችንን የምናሳድግ ሰዎች ነን፤ አውቶቡስ ሲሆን ግን እንቁላሉ በምረቃው ዕለት እንዲሮጥ እንፈልጋለን።

የቀረው ተቃውሞ በግልጽ አይነገርም፤ ከሁሉም የሚበረታው ግን እሱ ነው። አርባና አምሳ አውቶቡስ ዜና አይሆንም። ከፍ ያለ መድረክ አይሠራለትም፤ በዋዜማው ቲሸርት አይታተምለትም። አምስት መቶውን የሚገዛ ኃላፊ በሥልጣኑ ዘመን ይታወሳል፤ ጡረታቸው የሚደርሰው ደግሞ እሱ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ከተዛወረ በኋላ ነው፤ የሚጠየቀው ተተኪው ነው፤ ተተኪውም ሌላ አምስት መቶ ገዝቶ ይወጣል። በዚህ አካሄድ ባለሥልጣናቱ ሁሉ ጀግና ናቸው፤ አውቶቡሶቹ ብቻ ሰነፍ ሆነው ይቀራሉ። ከሰው ባሕርይ ጋር መታገል ስለማይቻል እኔ የማቀርበው ድርድር ነው። በአሥራ ሁለት ዓመት አንድ ሪባን ከመቁረጥ በየዓመቱ አንድ ሪባን መቁረጥ አይሻልም? አሥራ ሁለት ምረቃ፣ አሥራ ሁለት ንግግር፣ አሥራ ሁለት ጊዜ ካሜራ። እንዲያውም ድርብ በዓል ሊሆን ይችላል፤ በአንድ በር አርባ አዳዲስ ሲገቡ በሌላው በር አርባ ጡረተኞች በክብር ይሸኙ፤ ያገለገሉበት ዓመትና የተጓዙት ኪሎ ሜትር ይነበብላቸው። የአውቶቡስ ሞት በይፋ የሚነገርበት ከተማ ስንት እንደቀሩት ያውቃል፤ ስንት እንደቀሩት የሚያውቅ ደግሞ ስንት መግዛት እንዳለበት ማንንም አይጠይቅም።

እንግዲህ የሚቀጥለው የመተካት ዕቅድ ሲነገር ሦስት ጥያቄ ብንለምድ ጥሩ ነው። ከዚህ ገንዘብ ለመለዋወጫና ለመካኒክ የተያዘው ምን ያህል ነው? ከነዚህ አውቶቡሶች የመጀመሪያው በስንተኛው ዓመት፣ የመጨረሻውስ በስንተኛው ዓመት ይሰናበታል? የሚመጣው ዓመት ግዢ ስንት ነው? ለሦስቱም መልሱ «አምስት መቶ አውቶቡስ ገብቷል» የሆነ ኃላፊ ይጨበጨብለት፤ ለፍቷልና። «ዘንድሮ አርባ፣ ከርሞም አርባ» የሚለው ግን ጭብጨባው ቀርቶበት እንደገና ይሾም።